ስለ ኮሶ ደዌና ስለ መፀዳጃ ጕድጓድ

በአማርኛ ቋንቋ ደዌውና መድኃኒቱ በአንድ ስም የሚጠሩበት ነገር ቢፈለግ፥ ከኮሶ በቀር ሌላ በቶሎ የሚገኝ አይመስለኝም። ዛፉ ኮሶ ነው፤ አበባው ደርቆና ተወቅጦ የሚጠጣው መድኃኒት ኮሶ ነው፤ በሆድ ውስጥ የሚያድረው ረጅምና ጠፍጣፋ ትልም እንዲሁ ኮሶ ይባላል። ይህም የሆነው አባቶቻችን ደዌውን በመድኃኒቱ በኩል ስላወቁት ነው። ትሉ ከየት እንደሚመጣና በምን መንገድ ወደ ሆድ እንደሚገባ ሳይታወቅ፥ የሚያስወጣው መራራ አበባ ግን ከታወቀ ብዙ ዘመን ሆኖት ነበር።

ጄምስ ብሩስ የሚባለው የስኮትላንድ ተጓዥ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1769 ምጽዋ ገብቶ፥ በጎንደርም ተቀምጦ ወደ አገሩ ከተመለሰ በኋላ፥ በ1790 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፍ ስለ ኮሶ ዛፍ ጽፎ ሥዕሉንም አውጥቷል። ያገራችን ሰው ወንዱም ሴቱም ይህን መድኃኒት ደጋግሞ የሚጠጣ መሆኑን ሳይጽፍ አላለፈም። ከዚያም ወዲህ በ19ኛው መቶ ዓመት የደረቀው የኮሶ አበባ ባሕር ተሻግሮ በአውሮፓ መድኃኒት ቤቶች ይሸጥ ነበር። በዚህ በኩል ያስተማርነው እኛ፥ የተማሩት እነርሱ ናቸው ብንል ትዕቢት አይሆንብንም።

ኮሶ መጠጣትም በቀድሞ ዘመን የታወቀ ሥርዓት ነበረው። ጠጪው በባዶ ሆዱ ማለዳ ጠጥቶ ከቤቱ ሳይወጣ ይውላል፤ ጌታው ዛሬ ኮሶ ጠጥተዋል ከተባለ ባለጕዳይ ሁሉ ያለ ቅሬታ ተመልሶ ይሄዳል። ኮሶውን ሳይሆን ባለጕዳዩን ለመሸሽ የጠጡ ሰዎችም እንዳልጠፉ እገምታለሁ።

አሁን ግን ልንመረምረው የሚገባ አንድ ጥያቄ አለ። መድኃኒቱ ይህን ያህል ብርቱ ከሆነ፥ ሰው በየወሩ ወይም በየሁለት ወሩ እንደገና መጠጣት ያስፈለገው ስለ ምንድን ነው? ምክንያቱ ሁለት ነው። አንደኛው፥ የትሉ ራስ ከመርፌ ራስ ብዙ የማይበልጥ ትንሽ ነገር ሲሆን፥ በአራት መጥመጫዎች የአንጀትን ግድግዳ ይዞ ይኖራል። መድኃኒቱ ገላውን በጣጥሶ አውጥቶ ራሱ ተጣብቆ የቀረ እንደ ሆነ፥ በሁለት ወይም በሦስት ወር ውስጥ ትሉ እንደገና አድጎ ቁራጮቹን መጣል ይጀምራል። ሁለተኛው ምክንያት ከዚህ የባሰ ነው፤ ራሱ እንኳ ቢወጣ፥ ሌላ አዲስ ትል የሚገባበት በር ሳይዘጋ ቀርቷል። ሰው ግን ይህን ሳያስተውል፥ ኮሶ የሌለበት ሰው የለም፥ ኮሶ የተፈጥሮ ነው እያለ ኖረ።

መድኃኒቱም ያለ ዋጋ የሚሠራ አልነበረም። መጠኑ ሲበዛ ብርቱ ማስመለስና ተቅማጥ ያመጣል፤ የዓይናቸው ብርሃን የተጎዳባቸው ሰዎች መኖራቸውን ሐኪሞች ጽፈዋል፤ ነፍሰ ጡር ሴትም ከጠጣችው ፅንሷን ሊያስወርዳት ይችላል። ትሉ ራሱ ብዙ ጊዜ ሰውን የማይገድል ሲሆን፥ እርሱን ለማስወጣት የሚጠጣው መድኃኒት ከደዌው ይልቅ የጎዳው ሰው ጥቂት አይደለም።

ትሉ ከየት እንደሚመጣ የታወቀው እንግዲህ እንዴት ነው? ሩዶልፍ ሌውካርት የሚባል ጀርመናዊ ሊቅ፥ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1861፥ ከሰው የወጡ የኮሶ ትል ቁራጮችን ለጥጃ አበላ። የጥጃው ሥጋ ሲመረመር በውስጡ የትሉ ልጆች ተገኙ። በዚህም በሰው ሆድ ያለው ትልና በበሬ ሥጋ ውስጥ ያለው ከረጢት የአንድ ፍጥረት ሁለት ዕድሜዎች እንደ ሆኑ ተረጋገጠ። ነገሩ በሰውና በከብት መካከል የሚዞር ክብ መሆኑ ታወቀ ማለት ነው።

ክቡም እንዲህ ነው። በሰው አንጀት ያለው ትል ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 10 ሜትር ይረዝማል፤ ገላውም ከ1,000 እስከ 2,000 በሚደርሱ ቁራጮች የተሰካ ነው። በስተ መጨረሻ ያሉት ቁራጮች እየበሰሉ ይለያያሉ፤ የዱባ ፍሬ የሚመስሉ ነጭና ተንቀሳቃሽ ሆነው፥ ከዓይነ ምድር ጋራም ሆነ ብቻቸውን ይወጣሉ። በአንዱ ቁራጭ ውስጥ እስከ 100,000 የሚደርስ እንቁላል ሊኖር ይችላል፤ በየቀኑም ጥቂት ቁራጮች ይወጣሉ። ይህ በሜዳ ላይ የወደቀ እንደ ሆነ ዝናቡ ያጥበዋል፥ ጎርፉ ወደ ወንዝ ይወስደዋል፥ እንቁላሉም በእርጥብ ሣር ላይ ለብዙ ወራት ሳይሞት ይቆያል። ከብት ሣሩን ሲግጥ ወይም ውኃውን ሲጠጣ እንቁላሉን ይውጠዋል፤ በከብቱ ሆድ የተፈለፈለው ፍጥረት አንጀቱን በስቶ በደም ወደ ሥጋ ይሄድና፥ በ10 ሳምንት ገደማ የአተር ፍሬ የሚያህል ውኃ ያዘለ ከረጢት ይሆናል። ከብቱ ግን የታመመ አይመስልም፤ ጠጕሩ ያበራል፥ ይሰባል፥ በገበያም ጥሩ ዋጋ ያወጣል። ሰው ሥጋውን ጥሬውን ሲበላ ከረጢቱ በአንጀቱ ተፈትቶ ትል ይሆናል፤ መድኃኒት ካላገኘውም ለብዙ ዓመታት አብሮት ይኖራል።

ይህን ካወቅን በኋላ የቀድሞውን የኮሶ ቀን መለስ ብለን እንመልከተው። ጠጪው መድኃኒቱ ሲነዳው ወዴት ይሄድ ነበር? ወደ ጓሮ፥ ወደ ዱር፥ ወደ ሜዳ ነው። በሌላ ቀን ጥቂት ቁራጭ የሚጥለው ሰው፥ በዚያ ቀን ትሉን በሙሉ በአንድ ጊዜ በሣር ላይ ጣለው። ለራሱ ፈውስ ሲያገኝ ለመንደሩ ከብት ሁሉ ዘር ዘራ ማለት ነው። ያ ከብት ደግሞ ተመልሶ ወደ ገበታው መጣ። የኮሶ ደዌ ይህን ያህል ዘመን ከቤታችን ሳይወጣ የኖረው መድኃኒት ጠፍቶ ሳይሆን፥ መድኃኒቱ ያወጣውን የሚቀብር ጕድጓድ ጠፍቶ ነው።

ይህ ነገር ያለፈ ታሪክ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ዓምድ አላደክምበትም ነበር። ነገር ግን ዛሬም አንድ ምሳሌ ማቅረብ ይቻላል። በሥራውም በኑሮውም የተከበረ አንድ ሰው በከተማ ቤቱ ውኃ የሚወርድበት፥ በሸክላ የተነጠፈ መፀዳጃ ቤት አለው። ከከተማ ወጣ ብሎ ደግሞ ጥቂት ከብት የሚያረባበት ቦታ አለው። በዚያ ቦታ ለከብቱ በረት ተሠርቷል፥ ለጭዱ መጋዘን ተሠርቷል፥ ለእረኛው ጎጆ ተቀልሷል፤ ለእረኛው መፀዳጃ ያሰበ ግን የለም። እረኛው እንደ ማንኛውም ሰው ሥጋ ባገኘ ቀን ይበላል፥ ኮሶም ይይዘዋል፤ ማለዳ ከበረቱ በስተ ኋላ ወጣ ብሎ ይመለሳል። በዚያው ቦታ በሬው ይሰማራል። በሬው ለፋሲካ ይታረዳል፤ ብልቱ ለጌታው፥ ለእመቤቲቱና ለእንግዶቹ በቁርጥ ይቀርባል። ከሦስት ወር በኋላ ጌታው ሆዴን ይቆርጠኛል ብሎ ሐኪም ዘንድ ይሄዳል። በችሎት ቋንቋ ብንናገር፥ በዚህ ነገር እረኛው ተከሳሽ ሊሆን አይችልም፤ በቦታው ላይ ማዘዝ የሚችለው ሌላ ነውና።

ስለዚህ የቤት ጌታና እመቤት የቤታቸውን ንጽሕና የሚመዝኑት በሳሎናቸው መሆን አይገባውም። ዘበኛው የት ይፀዳዳል? ሠራተኛዋ እጇን የምትታጠብበት ውኃና ሳሙና አለ ወይ? ግንበኞችና የቀን ሠራተኞች ለሁለት ወር ሲሠሩ ከርመው፥ ለዚያ ሁሉ ሰው አንድ ጕድጓድ ተቆፍሮላቸው ነበር ወይ? መሥሪያ ቤት የሚመራ ሹምም ለአለቆች ብቻ ቁልፍ ያለው መፀዳጃ አሠርቶ ባለጕዳዩን ወደ አጥር ሥር የሚልክ ከሆነ፥ ጥያቄው ለእርሱም ነው።

ይህ ሥርዓት ከፈረንጅ የመጣ አዲስ ነገር የሚመስለው ሰው ካለ ኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 23ን ይመልከት። እስራኤላውያን በሰፈራቸው ሳሉ ከመሣሪያቸው ጋራ መቆፈሪያ እንዲይዙ፥ ከሰፈር ወጥተው ቆፍረው እንዲቀመጡና የወጣውን በአፈር እንዲሸፍኑት በዚያ ታዝዟል። የቤተ ክህነት ተማሪዎች ምዕራፉን ስናነብ ኖረናል፤ መቆፈሪያውን የያዝን ግን ጥቂቶች ነን።

አሁን ወደ ጥሬ ሥጋ እንምጣ። ጋዜጣ አንብቦ ቁርጥ የሚተው ሰው ይኖራል ብዬ አልጠብቅም፤ እውነቱን መናገር ግን ይገባል። አዋዜም፥ ሚጥሚጣም፥ ሰናፍጭም ሆነ በላዩ የሚከተለው አረቄ ከረጢቱን አይገድሉትም። በቅቤ ለብ ብሎ የሚወርደው ለብለብ ክትፎም እንደ ጥሬው ይቆጠራል። ከረጢቱን የሚገድለው እሳት ነው፤ ሙዳ ሥጋ እስከ መካከሉ 63 ዲግሪ፥ የተከተፈ ሥጋ ደግሞ 71 ዲግሪ ሊሞቅ ይገባዋል። በቤት ይህን የሚለካ መሣሪያ ለሌለው ሰው ምልክቱ፥ ውስጡ ቀይነቱን ጨርሶ መተዉና ጭማቂው መጥራቱ ነው። ጥሬውን ካልበላሁ ብሎ ለሚጨክን ሰው ደግሞ ብርድ አለ፤ ሥጋው ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ወይም ከዚያ በሚበልጥ ቅዝቃዜ ሁለት ሳምንት ከቆየ ከረጢቱ ይሞታል። ምግብ ብቻ የሚያቀዘቅዘው ተራ ማቀዝቀዣ ግን ይህን አይሠራም።

በቄራ የሚታረድ ከብት በመርማሪ ይታያል፤ መርማሪው የመንጋጋውን ሥጋ፥ ምላሱን፥ ልቡንና ወርቹን እየቀደደ ይፈልጋል። ይህ ታላቅ ጥቅም አለው፤ ነገር ግን ከረጢቶቹ ጥቂት የሆኑ እንደ ሆነ ከመርማሪው ዓይን ሊያመልጡ ይችላሉ፤ የቄራ ማኅተም ስላለበት ጥሬውን መብላት አያስፈራም ማለት አይቻልም። በየሰፈሩ ጓሮ ለቅርጫ የሚታረደው በሬ ግን ይህንኑ ምርመራ እንኳ አያገኝም። ሥጋው በመደብ በመደብ ተከፍሎ ዕጣ ሲጣል፥ ሰው ሁሉ የሚመለከተው መደቡ እኩል መሆኑን ነው እንጂ፥ በብልቱ መካከል ነጭ ፍሬ መኖሩን አይደለም። ቅርጫ የሚገቡ ጎረቤቶች ከመካከላቸው ዓይኑ የሠላ አንዱን መርጠው ምላሱንና ልቡን ቢያስመረምሩ ጊዜ አይፈጅም። ከረጢት የተገኘበት ሥጋ ቢቻል የእንስሳት ሐኪም ይየው፤ ካልተቻለ ለውሻም ለሰውም ጥሬውን ሳይሰጥ ይቀበር።

አንድ የሚረሳ ሰው ደግሞ አለ፤ እርሱም ክትፎ የምታዘጋጀው ናት። ጨውና ሚጥሚጣው መድረሱን ለማወቅ ጥሬውን በጣቷ እየቆነጠረች ትቀምሳለች። በገበታው ላይ ጥሬ ሥጋ የማትነካ ሴት ኮሶ ይዟት ስትገረም የሚታየው ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው። ቅመሙን ከቅቤው ጋራ ለብቻ ቀምሶ መጨመር ይቻላል።

እስካሁን የተናገርነው ስለ በሬ ኮሶ ነው። የአሳማ ሥጋ የሚያመጣው ሌላ ዓይነት ኮሶ አለ፤ የርሱ እንቁላል ባልታጠበ እጅ ወደ አፍ ሲገባ ወደ አንጎል ሊደርስ የሚችል ክፉ ነው። ባገራችን ይህን ሥጋ የሚበላው ሰው ጥቂት ስለ ሆነ አላብዛውም።

ወስፋት ግን ሳይነገር ሊታለፍ አይገባውም፤ ጕድጓድ ከሌለበት ጓሮ የሚወጣ ሁለተኛው ደዌ ነውና፤ ይልቁንም የሚጎዳው ሕፃናትን ነው። ሴቲቱ የወስፋት ትል ከ20 እስከ 35 ሳንቲሜትር ትረዝማለች፤ በቀን እስከ 200,000 እንቁላል ትጥላለች። እንቁላሉ በአፈር ውስጥ ሁለት ሦስት ሳምንት ሲቆይ ሰውን የሚይዝ ይሆናል፤ ከዚያም በኋላ ለዓመታት ሊቆይ ይችላል። ሕፃኑ በጓሮ ሲጫወት በጥፍሩ ሥር ይገባል፥ በዚያው እጁ ቁራሽ ይጎርሳል። የተፈለፈለው ትል ከአንጀት ወጥቶ በሳንባ በኩል ዞሮ፥ ወደ ጕሮሮ ወጥቶ፥ እንደገና ተውጦ ወደ አንጀት ይመለሳል። ትሎቹ ሲበዙ ልጁ ይከሳል፥ ሆዱ ይነፋል፥ ዕድገቱ ይዘገያል፤ አንዳንድ ጊዜም ተጠምጥመው አንጀቱን ዘግተው ለቀዶ ሕክምና ያደርሱታል።

እናቶች ሁሉ ሊያስተውሉት የሚገባ አንድ ነገር አለ። የሕፃን ዓይነ ምድር አያስጸይፍም፥ ጕዳትም የለውም እየተባለ በጓሮ ይጣላል። እውነቱ ግን ተቃራኒው ነው፤ በወስፋት ይልቁን የሚያዙት ልጆች ስለ ሆኑ፥ ከትልቅ ሰው ዓይነ ምድር ይልቅ የልጅ ዓይነ ምድር ሊፈራ ይገባዋል። በፖፖ ተቀብሎ ጕድጓድ ውስጥ መድፋትና እጅን ወዲያው በሳሙና መታጠብ ያስፈልጋል።

ጥሬ አትክልትም በዚሁ ይታሰባል። በአዲስ አበባ ዙሪያ በአቃቂ ወንዝ ውኃ የሚለማ ሰላጣና ቆስጣ አለ፤ የከተማውም ፍሳሽ ወደዚያው ወንዝ ይወርዳል። በጾም ወራት ጥሬ ሰላጣ የሚበላ ሰው ቅጠሉን አንድ በአንድ ለይቶ በሚፈስ ንጹሕ ውኃ አጥብቆ ይጠበው። ሎሚ ወይም ኮምጣጤ ማድረግ ያጣፍጠዋል እንጂ የወስፋትን እንቁላል አይገድለውም። ቆስጣውን መቀቀል ከሁሉ ይሻላል።

ስለ ጕድጓዱ ራሱ ጥቂት እንበል። ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ከውኃ ጕድጓድ ወይም ከምንጭ 30 ሜትር ያህል የራቀና በስተ ቁልቁለቱ የሆነ ቦታ ይመረጣል፤ ውኃ እስካልወጣው ድረስ ከ2 እስከ 3 ሜትር ይቆፈራል፤ በላዩ የሚታጠብ ንጣፍና ክዳን ይደረግበታል፤ ግድግዳና በር ይሠራለታል፤ በር የሌለው መፀዳጃ ሴቶችና ልጃገረዶች አይገቡበትምና። ሽታውና ዝንቡ እንዲቀንስ አመድ መጨመር መልካም ነው። ከደጃፉ ላይ ቧንቧ ቢኖር ቧንቧ፥ ባይኖር የተበሳ ጀሪካን ይሰቀል፤ ሳሙናም ከእርሱ አይለይ። እመቤቲቱ ሳሙናው ጠፋ ብላ ብትቆጣ፥ የጠፋውን ሳሙና ዋጋ ከመድኃኒት ዋጋ ጋራ አስተያይታ ሌላ ታስቀምጥ። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ሥራ ባለሙያዎችን በየቀበሌው ሲያሰማራ፥ ከሚያስተምሩት ነገር አንዱ ይኸው የቤተሰብ መፀዳጃ ነው። በብዙ ገጠር ቤት የተቆፈረ ጕድጓድ በአንዳንድ ባለጸጋ የከብት ማርቢያ አለመገኘቱ ያሳፍራል።

መድኃኒትን በተመለከተ የዛሬ ሰው ከአባቶቹ ይልቅ ዕድለኛ ነው። ለኮሶ ፕራዚኳንቴል ወይም ኒክሎሳማይድ፥ ለወስፋት አልቤንዳዞል በሐኪም ትእዛዝ ይሰጣል፤ ብዙ ጊዜም አንድ ቀን የሚዋጥ ነው። ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ ለተማሪዎች በየትምህርት ቤቱ የሆድ ትል መድኃኒት የሚታደልበት አገር አቀፍ ሥራ ተጀምሯል። ልጁ ግን ክኒኑን ውጦ ወደዚያው ጓሮ ከተመለሰ በጥቂት ወር ውስጥ እንደገና ይያዛል፤ ይህ የክኒኑ ጕድለት አይደለም።

በልብሱ ወይም በመኝታው ላይ የዱባ ፍሬ የሚመስለውን ነጭ ቁራጭ ያየ ሰው አይፈር፤ በትንሽ ንጹሕ ጠርሙስ አድርጎ፥ ጥቂት ውኃ ጨምሮበት፥ ወደ ጤና ጣቢያ ይውሰደው፤ ትሉ የትኛው ዓይነት እንደ ሆነ የሚለየው በእርሱ ነው። መድኃኒቱን በሚወስድበት ቀንና በሚቀጥሉት ጥቂት ቀናት ከመፀዳጃው ሩቅ መንገድ አይሂድ፤ የሚወጣው ሁሉ በጕድጓድ እንጂ በሜዳ እንዳይወድቅ ይጠንቀቅ። ሦስት ወር ካለፈ በኋላ ቁራጭ እንደገና የታየ እንደ ሆነ፥ ወይ ራሱ ቀርቷል፥ ወይ አዲስ ገብቷል፤ ሐኪሙ ዘንድ ሲመለስ በመካከሉ ጥሬ ሥጋ መብላቱን ሳይደብቅ ይንገረው።